ትኬቱ "ሮም" ይላል፤ መርከቡ ግን ሮም የለም

ጥያቄ፦ "የመዝናኛ መርከብ ትኬታችን ላይ መነሻው 'ሮም' ነው ይላል። አብረውኝ የሚጓዙት እናቴ (71 ዓመቷ ነው) እና የ8 ዓመት ልጄ ናቸው። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዘናል። ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የምናርፈው ጠዋት 10:30 ላይ ሲሆን መርከቡ በዚያው ቀን 18:00 ላይ ይነሳል። ግሪክና ቱርክ ደርሶ ከሳምንት በኋላ ሮም ይመልሰናል። የመመለሻ በረራችን መርከቡ በሚደርስበት ቀን 11:20 ላይ ነው። አንዱ ባቡር ርካሽ ነው ይለኛል፣ ሌላው ታክሲ ያዢ ይለኛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዝነው። ምን ይሻላል?"

ምላሽ፦

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ሰዓት የምጽፈው እንደ እርስዎ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ትኬቱም፣ የባቡር ሰሌዳውም፣ የመርከቡ ወረቀትም ላይ የሚያገኙት እሱ ስለሆነ ነው። እናትዎ "ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" ሲሉዎት ግን 12 ሰዓት ብለው ይንገሯቸው፤ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ላይ መርከብ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ስሙ። የመርከብ ድርጅቶች ትኬት ላይ "ሮም" ብለው ሲጽፉ ማለታቸው ቺቪታቬኪያ ነው። ቺቪታቬኪያ ራሷን የቻለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ከሮም መሀል ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፊዩሚቺኖ ደግሞ በመኪና ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ነገሩ የዛሬ አይደለም። ወደቡን ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ትራጃን ነው፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። ስለዚህ "የሮም ወደብ" የሚለው ስም ውሸት አይደለም። ግን "ወደቡ አጠገብ" ብሎ ሮም መሀል ሆቴል የያዘ ሰው ጠዋት ሲነሳ ባሕር ያጣል። ካርታ ላይም፣ ለሹፌርም፣ ትኬት መቁረጫው ላይም የሚጽፉት ስም ቺቪታቬኪያ ነው።

ባቡር ወይስ መኪና? ሰው ሁሉ ይህን የሚወስነው በዋጋና በደቂቃ ነው። እኔ የጉዞ ወኪል ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የተማርኩት መለኪያ ሌላ ነው። ሻንጣው ስንት ጊዜ ይነሳል? እሱን ይቁጠሩ። ለእርስዎ እኔ ልቁጠርልዎት።

በባቡር ሲሄዱ መጀመሪያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ኤፍ ኤል 1 የሚባለውን የከተማ ዙሪያ ባቡር ይይዛሉ። ሻንጣ ማውጣት፣ አንድ። ትራስቴቬሬ ጣቢያ ላይ ማውረድ፣ ሁለት። ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው በመሬት ስር በሚያልፍ መተላለፊያ መሻገር፣ ሦስት። ወደ ቺቪታቬኪያ የሚሄደው ኤፍ ኤል 5 ላይ መጫን፣ አራት። ማውረድ፣ አምስት። ከጣቢያው ወደ ወደቡ መግቢያ የሚወስደው አውቶቡስ ላይ መጫን፣ ስድስት። ማውረድ፣ ሰባት። ከዚያ ወደ መርከቡ የሚያደርሰው የወደቡ አውቶቡስ ላይ ስምንት፣ መውረድ ዘጠኝ። ይህን በሦስት ሻንጣ ያባዙት፤ 27 ነው። አብረውዎት ያሉት አንድ እናትና አንድ ልጅ ናቸው። 27ቱንም ጊዜ የሚያነሱት እርስዎ ነዎት ማለት ነው፤ ያውም ሌሊቱን አውሮፕላን ላይ ካደሩ በኋላ፣ አንድ እጅዎ ልጁን ይዞ።

በመኪና ሲሆን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ይጫናል፣ ተርሚናሉ በር ላይ ይወርዳል። የሚያነሳውም ሹፌሩ ነው።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው። እርስዎ መኪና ይያዙ። ብቻዎን አንድ ትንሽ ሻንጣ እየጎተቱ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ባቡር እል ነበር፤ እኔ ራሴ ብቻዬን ስሆን የምሄደው በባቡር ነው።

ይሁን እንጂ ባቡሩንም በደንብ ልንገርዎት። ይህን የሚያነቡ ሌሎች አሉ፤ እርስዎም መኪናው ከቀረ መውጫ ያስፈልግዎታል።

ፊዩሚቺኖ ሲያርፉ በየግድግዳው የሚያዩት ማስታወቂያ የሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ነው። ጥሩ ባቡር ነው። መሀል ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ወደሆነው ቴርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ችግሩ ለቺቪታቬኪያ ተጓዥ ዙሪያ ጥምጥም መሆኑ ነው። ወደ መሀል ከተማ ያስገባዎታል፤ ከዚያ የቺቪታቬኪያውን ባቡር ይዘው በመጡበት አቅጣጫ መልሰው ይወጣሉ። ቴርሚኒ ውስጥ ደግሞ የቺቪታቬኪያ ባቡሮች ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ቁጥራቸው ከ25 በላይ ከሆኑ መሳፈሪያዎች ነው። እነዚያ ጥግ ላይ ናቸው። ከዋናው አዳራሽ ተነስተው በጎን በኩል ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ባቡሩ ሊነሳ 6 ደቂቃ ሲቀረው ይህን ያወቀ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ላብ በላብ ሆኖ ሲሮጥ ማየት እዚያ የተለመደ ነው።

ብልሁ መንገድ ኤፍ ኤል 1 ነው። ከዚያው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያ ይነሳል፤ ዋጋው 8 ዩሮ ነው። ቴርሚኒ አይገባም። ግን ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ ላይ ይቆማል፤ ኤፍ ኤል 5ም በእነዚሁ ጣቢያዎች ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትራስቴቬሬ ይደርሳሉ፤ እዚያ ባቡር ይቀይራሉ። ከዚያ ቺቪታቬኪያ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከሮም ቺቪታቬኪያ ትኬቱ 4.60 ዩሮ ነው። ይህን ስጽፍ ሁለቱ ተደምረው 13 ዩሮ አይሞሉም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሰሌዳውን ሲያነብ ነው። የጣቢያ ሰሌዳ የሚያሳየው የባቡሩን መጨረሻ ነው። ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳርቻ የሚሄዱ አንዳንድ ባቡሮች ቺቪታቬኪያ ላይ ቆመው ያልፋሉ እንጂ አይጨርሱም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ "ግሮሴቶ" ወይም "ፒዛ" የሚል ያያሉ፣ "ቺቪታቬኪያ" የሚል ግን አያዩም። ቆመው ሲጠብቁ የሚሄዱበት ባቡር ከፊትዎ ያልፋል። በስልክዎ የባቡር ድርጅቱን የትሬንኢታሊያን አፕ ከፍተው የባቡሩን ቁጥር ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ አያሳስትም። በዚህ መስመር ኢንተርሲቲና ሌሎች ፈጣን ባቡሮችም ይሄዳሉ። እነሱ ትኬታቸው ለብቻ ነው። በ4.60ው ትኬት እነሱ ላይ መሳፈር አይቻልም፤ ተቆጣጣሪው ይቀጣል።

ስለ ቅጣት ካነሳን፦ የወረቀት ትኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማሽን ላይ ያስመቱት። ሳይመታ የተገኘ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል። በስልክ ከገዙ ደግሞ ቼክ ኢን ማድረግ አለ፤ ባቡሩ ሊነሳ ሲል ሊንኩን ተጭነው ያረጋግጣሉ። "አላወቅኩም ነበር" የሚለውን ተቆጣጣሪዎቹ በሁሉም ቋንቋ ሰምተውታል።

በባቡር የሚሄድ ካለ በስተግራ ይቀመጥ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። ሳንታ ሴቬራ አካባቢ ውኃው ዳር የቆመ ግንብ በመስኮት ይታያል። በበጋ ግን መቀመጫ ማግኘትም ዕድል ነው፤ ላዲስፖሊና ሳንታ ማሪኔላ የሮም ሰዎች የሚዋኙባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ባቡሩ በፎጣና በጃንጥላ ይሞላል።

ሌላው የባቡር ጣጣ አድማ ነው። ጣሊያኖች "ሾፔሮ" ይሉታል። ድንገተኛ አይደለም፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በድረ ገጹ ላይ የአድማ ቀን መቁጠሪያ ያወጣል። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ ገባ ብለው ይዩት። በአድማ ቀንም ቢሆን በሥራ ቀናት ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 የተወሰኑ የክልል ባቡሮች እንዲሄዱ ሕጉ ያስገድዳል። ለእርስዎ ግን ይህ ምንም አይጠቅምም። 10:30 የሚያርፍና መርከቡ 18:00 የሚነሳበት ሰው ከሁለቱ መሀል ነው የሚወድቀው።

አሁን ወደ መኪናው።

ሦስት ዓይነት መኪና አለ። አንደኛው በር ላይ የሚሰለፈው ነጩ ፈቃድ ያለው ታክሲ ነው። ከፊዩሚቺኖ ሮም መሀል ከተማ የሚያስኬድ ቋሚ ታሪፍ እንዳለ ሰምተው ይሆናል። እሱ የሚሠራው በጥንታዊው የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ላሉ አድራሻዎች ነው፤ ቺቪታቬኪያን አይመለከትም። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት "ቺቪታቬኪያ ወደብ፣ ስንት?" ብለው ጠይቀው ይስማሙ። ከ100 ዩሮ በላይ እንደሚሆን አስበው ይዘጋጁ። አዳራሹ ውስጥ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ ወደ እርስዎ የሚመጣውን ሰው ግን ቀና ብለውም አይዩት። እውነተኛ ባለ ታክሲ ሰልፉ ላይ መኪናው ውስጥ ነው የሚጠብቀው።

ሁለተኛው አስቀድሞ የሚያዝ የግል መኪና ነው። ጣሊያን ውስጥ "ኤን ቺ ቺ" ይባላል፤ ከነሹፌሩ የሚከራይ መኪና ማለት ነው። ለእርስዎ የምመርጠው ይህንን ነው። ሹፌሩ ስምዎን ጽፎ መውጫው ላይ ይቆማል፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወቃል። ሲይዙ ሦስት ነገር ይጻፉላቸው። አንደኛ፣ የሻንጣውን ብዛትና መጠን። ሦስት ሰው ሲባሉ ትንሽ መኪና ይልካሉ፤ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ደግሞ ትንሽ መኪና ኋላ አይገባም፤ ሚኒባስ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የልጁን ቁመት። በጣሊያን ሕግ ከ1.50 ሜትር በታች የሆነ ልጅ በልጅ መቀመጫ ነው የሚጓዘው። ለታክሲና ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተለየ አሠራር ቢኖርም፣ የ8 ዓመት ልጅ ያለ መቀመጫ በፈጣን መንገድ 70 ኪሎ ሜትር መሄዱ አይመቸኝም። ሦስተኛውና ዋናው የበረራ ቁጥርዎ ነው።

ይህችን ሦስተኛዋን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን ቤተሰብ ይዤ ስሄድ ርካሽ መኪና በኢንተርኔት ያዝኩ። ለደንበኛ የማልመክረውን ነገር ለራሴ አደረግኩ ማለት ነው። አውሮፕላኑ 50 ደቂቃ ዘገየ። ከዚያ ሻንጣ ጥበቃ። ስንወጣ ሹፌር የለም። ስልኬን ስከፍት "ጠብቄ ሄጃለሁ" የሚል መልእክት አገኘሁ። ደወልኩ፤ አያነሳም። በታክሲ ሄድን፤ ሁለት ጊዜ ከፈልን። ተናድጄ የመጣውን ማረጋገጫ እንደገና ሳነበው ግን "የበረራ ቁጥር" የሚለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ሹፌሩ እኔ በጻፍኩት ሰዓት መጥቶ ነበር። የበረራ ቁጥር ያለው ሹፌር መዘግየቱን ከራሱ ስልክ ያያል፤ የሌለው ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሦስተኛው የመርከብ ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠው አውቶቡስ ነው። ለሦስት ሰው ሲደመር ብዙ ጊዜ የግል መኪና ዋጋ ይጠጋል። አውቶቡሱ እስኪሞላም ይጠብቃሉ። ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ድርጅቱ የት እንዳሉ ያውቃል። በራስዎ መንገድ ሲመጡ ለመርከቡ እርስዎ አንድ ያልመጣ ስም ነዎት። በእነሱ አውቶቡስ ሲመጡ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው የዘገየው። ያም ቢሆን "እንጠብቃለን" ማለታቸውን ውሉ ላይ ሳያነቡ አይመኑ።

የትኛውንም ቢይዙ ለሹፌሩ የመርከቡን ስም ይስጡት። "ወደብ" ብቻ ማለት አይበቃም። ቺቪታቬኪያ ትልቅ ወደብ ነው። ከዚሁ ወደብ ወደ ሰርዲኒያ፣ ወደ ሲሲሊ፣ ወደ ባርሴሎና የሚሄዱ ማመላለሻ መርከቦች አሉ። የመዝናኛ መርከቦቹም ተርሚናሎች የተለያዩ ናቸው፤ አሜሪጎ ቬስፑቺና ዶናቶ ብራማንቴ የሚባሉት ይገኙበታል። የመርከቡን ስም የያዘ ሹፌር ቀኑን መርከቡ የት እንደቆመ ጠይቆ በቀጥታ በሩ ላይ ያደርስዎታል።

በባቡር የመጣ ሰው የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር በደንብ ይወቃት፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ነው። ከቺቪታቬኪያ ጣቢያ ወጥቶ የሚሄደው ላርጎ ዴላ ፓቼ ወደሚባለው የወደቡ መቀበያ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት አውቶቡስ አለ፤ ጥቂት ዩሮ ነው። በእግር ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከላርጎ ዴላ ፓቼ በኋላ ወደየመርከቡ የሚወስዱት አውቶቡሶች ነፃ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን በእግር እሄዳለሁ ማለት አጉል ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ የጭነት መኪናም ይመላለስበታል።

እሺ፣ ሰዓቱን እንቁጠር። 10:30 አረፉ እንበል። ከአውሮፕላን መውረድ፣ ፓስፖርት፣ ሻንጣ። በፊት ይህን አንድ ሰዓት ብዬ እገምት ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ግን የሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለአጭር ጊዜ የሚመጣን ሰው አሻራና የፊት ፎቶ የሚመዘግብ አዲስ አሠራር ጀምረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው ወረፋው ሊረዝምበት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ይያዙ። 12:30 ላይ ወጡ። በመኪና አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ከሩብ። 14:00 ሳይሆን ወደቡ ላይ ነዎት። በባቡር ከሆነ ትራስቴቬሬ 13:00 አለፍ ሲል፣ ጥበቃ፣ ቺቪታቬኪያ 14:30 አካባቢ፣ ከሁለቱ አውቶቡስ በኋላ 15:15 ገደማ።

"ታዲያ መርከቡ 18:00 አይደል የሚነሳው?" ይሉኝ ይሆናል። መርከቡ 18:00 ይነሳል፤ በሩ ግን ያኔ አይዘጋም። ቀደም ብሎ ነው። የተሳፋሪ ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 60 ወይም 90 ደቂቃ በፊት ያበቃል። የእርስዎ ወረቀት ላይ ስንት እንደሚል ይዩ። 90 ከሆነ የእርስዎ ሰዓት 16:30 ነው። በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ትርፍ አለዎት። በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ መኪናው ያደርስዎታል፤ ባቡሩ አያደርስዎትም። በረራ ሦስት ሰዓት ከዘገየ ግን መኪናውም አያድንም።

እዚህ ላይ ነው ደንበኞቼን ሁሉ የማስቀይመው። በመርከቡ ቀን አይብረሩ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ይምጡ። የበረራውን ቀን ለመቀየር የሚከፍሉት ገንዘብና የአንድ ሌሊት ሆቴል ያበሳጫል፤ አውቃለሁ። ግን የሳምንት መርከብ ለሦስት ሰው ምን ያህል እንደከፈሉ ያስቡና ከዚያ ጋር ያወዳድሩት። የጠፋ ሻንጣም አለ። ሻንጣ ከአውሮፕላን ጋር ሳይመጣ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በማግሥቱ ነው። ያኔ እርስዎ ባሕር ላይ ነዎት፤ ሻንጣው ግሪክ ለግሪክ ያሳድድዎታል።

የሚያድሩት የት ነው? እናትዎ ሮምን ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ቴርሚኒ አካባቢ አይያዙ። ሳን ፒየትሮ ጣቢያ አጠገብ ይያዙ። ኤፍ ኤል 5 እዚያ ይቆማል፤ ቫቲካን በእግር ቅርብ ነው። አጥብቀው ሮም ካላሉ ግን እኔ የምለው በቀጥታ ወደ ቺቪታቬኪያ ሄደው እዚያ ያድሩ። መኪናው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴሉ በር ላይ ያወርድዎታል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ባሕሩ ዳር መንሸራሸሪያ አላት። ጣቢያውና ወደቡ መሀል ያለውን ትልቅ ግንብ ያዩታል። ግንባታውን ያስጀመሩት የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1508፣ በአርክቴክቱ በብራማንቴ ንድፍ። ዛሬ ግን የሚጠራው በሚኬላንጄሎ ስም ነው። በማግሥቱ ጠዋት እናትዎ ቁርሳቸውን በልተው፣ መርከቡ በመስኮት እየታያቸው፣ አሥር ደቂቃ በታክሲ ነው።

ሳልረሳው የቪዛውን ነገር። ለአውሮፕላን ማረፊያና ለወደብ ሲጨነቁ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው። መርከብዎ ቱርክ ይሄዳል። ቱርክ ሼንገን ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከግሪክ ወደ ቱርክ ሲሄዱ ከሼንገን ወጡ ማለት ነው፤ ሲመለሱ እንደገና ገቡ ማለት ነው። ቪዛዎ ላይ የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ "01" ካለ ያቺ አንዷ ፊዩሚቺኖ ላይ ያልቃለች። ወደቡ ላይ ፓስፖርት የምታየው ሠራተኛ ይህን ታውቃለች፤ እንዳይሳፈሩም ትከለክልዎታለች። ለሦስታችሁም መልቲፕል (ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ) መሆኑን ዛሬ ማታ ይዩ። የቱርክንም ቪዛ የመርከብ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የነገሩዎት ወደቡ ላይ አይሠራም።

መርከቡ ቢያመልጥስ? እግዜር አያድርገው፤ ግን የሚጠብቅዎት ይህ ነው። ወደ ቀጣዩ ወደብ በራስዎ ወጪ ሄደው ይሳፈራሉ፣ ያውም ድርጅቱ ከፈቀደ። ቀጣዩ ወደብ ኔፕልስ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከሮም በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቀጣዩ የግሪክ ደሴት ከሆነ ግን ሌላ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ የመርከቡን ቀጣይ ወደብ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ። ድርጅቱ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሰጠውን ስልክ ቁጥርም አብረው ይጻፉ፤ ስልክ ባትሪ የሚጨርሰው እንደዚህ ያለ ቀን ነው።

ሻንጣን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። መርከብ ድርጅቱ የክፍልዎን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይልክልዎታል፤ አትመው ሻንጣው ላይ ያስራሉ። ወደቡ ላይ ሠራተኞች ይቀበሉዎታል፤ ሻንጣውን ዳግም የሚያገኙት ክፍልዎ በር ላይ ነው፣ አንዳንዴ ማታ። የእናትዎ መድኃኒት፣ ፓስፖርቶቹና የልጁ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

ለእናትዎ ዊልቸር ካሰቡ አያፍሩ፤ እርጅና አይደለም፣ ብልሃት ነው። አውሮፓ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይህ እርዳታ በነፃ ነው። አየር መንገዱን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይንገሩ። የሚገፋው ሠራተኛ እስከ መውጫው ድረስ ያደርሳቸዋል፤ ወረፋውም ብዙ ጊዜ ያጥራል። ለወደቡ ደግሞ የመርከብ ድርጅቱን ለብቻ ይጠይቁ። አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም።

የመመለሻው በረራ ግን አልተመቸኝም። መርከቦች ቺቪታቬኪያ የሚገቡት ንጋት ላይ ነው፤ ሰው መውረድ የሚጀምረው ግን ወደ 7:00 ገደማ ነው። የእርስዎ በረራ 11:20 ነው፤ ከሼንገን የሚወጣ ሰው ደግሞ ከሦስት ሰዓት በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ቢገኝ ይመረጣል። 8:20 ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ከወደቡ በር 7:15 መነሳት አለብዎት። ይህ የሚሆነው ሻንጣውን ማታ ለሠራተኞች ሳይሰጡ ራስዎ ይዘው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሲወርዱ ነው። ከሦስት ትልልቅ ሻንጣ ጋር ያንን ደረጃና ሊፍት ሲያስቡት ቅድም የቆጠርናቸው 27ቱ ተመልሰው መጡ። አየር መንገዱ ከ14:00 በኋላ የሚነሳ በረራ ካለው ወደ እሱ ይቀይሩ። በዚያ ቀን ሌላ ከሌለ መኪናውን ለ7:00 ይያዙት፣ መውረጃ ቡድንዎን ቀድመው መርከቡ ላይ ያስመዝግቡ፣ እናትዎን ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጫማቸውን በር አጠገብ አስቀምጠው ይተኙ ይበሏቸው።